ያልገጠመ እርግብግቢት

በ1968 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ከድመት የማትበልጥ ሎሚ የምትባል ውሻ አበቡ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነከሰች። ነገሩ እንዲህ ሲባል ቀላል ነው፤ ውሻ ይነክሳል፣ ጥርስ የተሰጠው ለዚያም ነው። ሎሚ ግን ከመንከሷ በፊት ወድቃ ነበር። አራት እግሯ ተገትሮ፣ ዐይኗ ወደ ላይ ዞሮ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ ስትንፈራገጥ አበቡ አዝናላት ልታነሣት እጇን ሰደደች። የውሻዋ ጥርስ የልጅቱ አይበሉባ ላይ ተተክሎ ቀረ። አሳዳጊዋ ንግሥቴ ሮጣ ደርሳ መንጋጋዋን በጣቷ ፈልቅቃ አላቀቀቻት።

ይህን ሁሉ ወደ ገበያ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ከአጥሩ ማዶ ቆመው አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ይያዘው። እህሉ ከአህያ ጀርባ ሳይወርድ «የወይዘሮ አሰጋሽ ውሻ አበደች» የሚለው ቃል ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው።

ንግሥቴ ከልጅቱ እጅ ላይ ደሙን እየጠረገች መሬት ላይ ተቀመጠች። ይህን ነገር አንድ ጊዜ አይታዋለች። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቦታው ይኸው ግቢ ነው፣ ውሻዋ የሎሚ አያት ትርንጎ ናት፣ የተነከሰው ደግሞ የራሷ ልጅ ብዙነህ ነበር። ስሙን ያወጣችለት እንዲበዛላት ተመኝታ ነው፤ እሱ ግን አንድ ሆኖ መጣ፣ በስምንት ዓመቱ አንድ ሆኖ ሄደ። አበቡ የሆዷ ፍሬ አይደለችም። በስድሳ አምስቱ ክፉ ቀን ከወግዲ በኩል ከተሰደዱት መካከል እናቷ እዚሁ በር ላይ ሞታ፣ እሷ ከሬሳው ጎን ተቀምጣ የተገኘች ናት። ንግሥቴ እግዜር የወሰደውን በሌላ መልክ መለሰልኝ ብላ አስገባቻት። አሁን ይቺም ልትሄድ ነው ብላ አሰበች።

ስለ ውሾቹ ትንሽ መባል አለበት። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ አሰጋሽ የአንድ ትልቅ ባላባት ባልቴት ነበሩ። ከጣልያን መውጣት በኋላ ደሴ የሚነግድ አንድ ግሪክ ለባላቸው አንድ ወንድና አንድ ሴት ቡችላ ሰጣቸው። ያገራችን ውሻ ጅብ ያባርራል፤ እነዚህ ዶሮ ሲያዩ ከቀሚስ ሥር የሚገቡ ነበሩ። ራሳቸው ድቡልቡል፣ ግንባራቸው ያበጠ፣ ዐይናቸው ወጥቶ ሊወድቅ የደረሰ። ወይዘሮዋ ይህን ድቡልቡልነት እያዩ ብርቱካን፣ ትርንጎ፣ ሎሚ እያሉ ስም ያወጡላቸው ነበር።

ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ወይዘሮ አሰጋሽም ቆጠራ ላይ የሚያህላቸው አልነበረም፤ በስድስተኛው ቤት ዝምድና ተገኘ ብለው ያፈረሱት የሰው እጮኝነት ብዙ ነው። ለውሾቹ ሲሆን ግን ወንድም ከእህቱ፣ አባት ከልጁ እየተዘጋበት እንዲያድር ያዝዙ ነበር። ካገር ውሻ ከተቀላቀሉ ዘራቸው ይበላሻል፣ ራሳቸውም ይሾላል ባይ ናቸው። በሩን የምትዘጋው ንግሥቴ ነበረች፤ ዘግታ፣ አማትባ ትሄዳለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የነዚህ እናት ሆድ ግን ከአንድ መልክ ሌላ አያውቅም። አንዷን ውሻ ሌላዋ ናት ቢሉት የማያምን አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው እርግብግቢታቸው ነው። የሰው ልጅ እርግብግቢት ቅቤ እየተደረገበት በዓመት በዓመት ተኩሉ ይገጥማል። የነሱ አርጅተውም አይገጥምም፤ ጣት ቢያሳርፉበት ከሥሩ ድው ድው ይላል። ንግሥቴ መጀመሪያ የነካችው ዕለት እጇን እሳት እንደነካው ሰው መለሰችው። ወይዘሮዋ ግን የጨዋ ዘር ምልክት ነው አሉና በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ እንድታደርግ አዘዟት። በስድሳ አምስት ሰው በየመንገዱ ሲረግፍ እንኳ ቅቤው አልተቋረጠም። ይህን የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ይናደዳል፤ መናደድም ይገባዋል። ንግሥቴና አበቡ ግን ያን ዓመት ያለፉት ከውሾቹ የተረፈውን ወተት እየጠጡ ነው፣ እሱም መነገር አለበት።

ጎልመስ ሲሉ ውሾቹ አመል ያወጡ ነበር። የኋላ እግራቸውን አንሥተው፣ አንገታቸውን ሳይነኩ፣ ባዶ አየር ያካሉ። ከዚያ መውደቅ ይመጣል። ቡችሎቹ ለሹማምንት ሚስቶች በስጦታ የሚላኩ ስለነበሩ ይህ እንዳይሰማ ንግሥቴ ሲወድቁ ጓዳ አግብታ በር ትዘጋባቸዋለች፤ ለሚጠይቅም ታመው አያውቁም ብላ ትምላለች። ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ሲወረስ ወይዘሮ አሰጋሽ አዲስ አበባ ገቡ፣ ግቢው የቀበሌ ሆነ፣ ንግሥቴ ከጓሮ አንዲት ክፍል ቀረችላት። ከውሾቹ የቀረችው ሎሚ ብቻ ነበረች።

እንግዲህ ያን ማለዳ ገበያው ወደ ግቢው ፈለሰ። ፊት ፊት የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር አሻግሬ ነው፣ ቆመጥ ይዞ። እስከ አምና የወይዘሮዋ ጭሰኛ ነበር፤ በዚህ ግቢ ቆቡን ሳያወልቅ መቆም ከጀመረ መንፈቅ አይሞላውም። ሎሚን አይቶ የፊውዳል ቅሪት አላት። እሷ ነቅታ ከንግሥቴ ቀሚስ ሥር ተወሽቃ አየሩን ታክ ነበር።

ቀጥለው የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚያውቁት አያ ክንፈ ዋንጫቸውን ይዘው ደረሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለመድኃኒታቸውም ምንም አይቀበሉም። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ በጆሯቸው የነገሯቸውን ሥር ወቅጠው፣ በወተት በጥብጠው በባዶ ሆድ ያጠጣሉ። የጠጣ ሰው አንጀቱ እስኪገለበጥ ያስመልሰዋል። የተረፈ እንደሆነ መድኃኒቱ አዳነው ይባላል፤ የሞተ እንደሆነ በሽታው ቀደመው ይባላል። በዚህ አካሄድ ተሳስቶ የሚያውቅ መድኃኒተኛ የለም።

ሦስተኛው ሷሊህ ነው፤ ለከብት ደስታ በሽታ ክትባት ከኩታበር የመጣ፣ ሰው የከብቱ ሐኪም የሚለው ጎልማሳ። ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባና ከሁሉ አስቀድሞ ውኃና ሳሙና አምጡ አለ፤ የአበቡን ቁስል ሰው እስኪሰለች ድረስ አሳጠበ። ከዚያ ወደ ሎሚ ዞሮ ትንሽ አመነታ። እንደሱ ላለ ሰጋጅ ሰው ውሻ መንካት ቀላል ነገር አይደለም። «ያረቢ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እጅጌውን ሰበሰበና የውሻዋን አናት ዳሰሰ። ጣቱ እርግብግቢቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ብዙ ጊዜ እዚያው ቆየ። ሲጨርስ ሃይማኖቱ እንደሚያዘው እጁን ሰባት ጊዜ ታጠበ፣ አንዱን ባፈር።

እሱ ያለው ይህን ነው። ደብረ ዘይት ሲማር እንዲህ ያሉ ትንንሽ የፈረንጅ ውሾች አይቷል። የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ይጠባቸዋል፤ ያዋቂ እግር የሕፃን ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ማለት ነው። ውስጥ ውስጡን ውኃ ይቋጥራል፣ ሲጫናቸው ይወድቃሉ፣ ሲወድቁ የነኩትን ይነክሳሉ። እብደት አይደለም፤ ከእናት ካባት የሚወረስ ነው፣ ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ ደግሞ ይብሳል። ይህን ብሎ ወደ ንግሥቴ ዞረና የሎሚ እናትና አያትም እንዲህ ይወድቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ታመው አያውቁም» አለች ንግሥቴ። የሃያ ዓመት ልማድ ነው ከሐሳቧ ቀድሞ የመለሰው።

ሕዝቡ በሷሊህ ሳቀበት። ከመካከል አንዷ አያቷማ የዚችን የንግሥቴን ልጅ የገደለች አይደለችም ወይ አለች፤ ሌሎቹም ተቀባብለው የብዙነህን አሟሟት ይተርኩ ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው፤ እናቱ እፊታቸው ቆማለች። ሷሊህ የነከሰችው ውሻ መጨረሻዋ ምን ሆነ አለ። አሻግሬ ደረቱን ነፍቶ ያን ጊዜውኑ ተገድላ በጆንያ ተጠቅልላ የተሰጠችው ለእሱ እንደሆነ፣ ጉድጓዱንም በገዛ እጁ እንደ ቆፈረ ተናገረ። ሷሊህ አንገቱን ነቀነቀ። ቆይታ ቢሆን ይታወቅ ነበር፣ እብድ ውሻ አሥር ቀን አያልፍም፤ ከተገደለች ግን ማን ያውቃል፣ ምናልባት እውነትም አብዳ ይሆናል አለ። ቢሆንም ሎሚ ትታሰርና ትታይ፣ ካመማት ልጅቱን ደሴ ወስጄ መርፌ አስወጋታለሁ፣ ይህን ዋንጫ ግን አትስጧት፣ ረኃብ ያደቀቀው ሆድ አይችለውም ብሎ ለመነ። ሕዝቡ ተቆጣ። መኪና የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ልጅቱ እያበደች መኪና ትጠብቅ ማለት ነው ተባለ። ያቺ ትርንጎ ልጅ ገድላለች፤ ከዚያ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል።

ከዚህ ሁሉ ሰው ምስክሩን የያዘችው ንግሥቴ ብቻ ነበረች። ትርንጎ አልተገደለችም። ያን ዕለት ወይዘሮ አሰጋሽ ጆንያ ውስጥ የበግ ቆዳና ድንጋይ ጠቅልለው ለአሻግሬ ሰጡት፣ ትርንጎን ከእህቷ የሚለይ ሰው የለምና ግቢው ውስጥ እንዳለች ቀረች። ለንግሥቴ፣ እብደቱ ከውሻዋ ወጥቶ ልጅሽ ላይ አርፏል፣ እሷ ነጽታለች አሏት። ንግሥቴ አመነች። የዛር መንፈስ ከእናት ወደ ልጅ ሲሻገር ያየች ሰው ይህን ለምን አታምንም? ልጄን ገደለችብኝ የምትላትን ውሻ ሦስት ዓመት በእጇ አበላች። እንዴት ቻለችው የሚል ካለ መሄጃ አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ግን ነገሩ ራሱ ገጠመ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ ባንድ ጊዜ ነው። ትርንጎ ሦስት ዓመት ኖራለች። እንግዲያ አላበደችም። አላበደችም ማለት ብዙነህን በሽታ አልገደለውም። ያን ዕለት ይኸው ዋንጫ ሲቀርብለት ልጁ አልጠጣም ብሎ ጥርሱን ነክሶ ነበር። አያ ክንፈ አፍንጫውን ያዙ፣ እሷ በሁለት አውራ ጣቷ ከንፈሩን ከፈለቀቀች በኋላ ዋጠ፤ ጎበዝ ብላ ሳመችው። ሲያስመልሰው ውሎ፣ ሲያስመልሰው አድሮ፣ በማግሥቱ ፀሐይ ሳይሞቅ ሞተ። ዙሪያዋን ሰው ይጮኻል፣ ለንግሥቴ ግን አንድም ድምፅ አልነበረም።

ዝም ካለች ልጇን የገደለው ውሻ ነው፤ እሷ የምታሳዝን እናት ናት፣ አበቡ ግን ትጠጣለች። ከተናገረች አበቡ ትተርፍ ይሆናል፤ የብዙነህ ገዳይ ግን እናቱ ትሆናለች፣ ለዘላለም። ሰው ይህን ካልቀመሰ አይፈርድም። ንግሥቴ በዚያች ሰዓት የመረጠችው ራሷን ነው። ሷሊህን ጠላችው፣ ያን ዳሳሽ ጣቱንም ጠላችው።

«ይስጧት፣ አያ ክንፈ» አለች።

አያ ክንፈ ጎንበስ ብለው ዋንጫውን ለአበቡ ሰጧት። እንደ ብዙነህ አፍንጫዋን የሚይዝ አላስፈለገም። ልጅቱ ርቧት አድጋለች፣ የተሰጣትን እንቢ ማለት አታውቅም። ዋንጫውን በሁለት እጇ፣ አንዱ በጨርቅ እንደ ታሰረ፣ ወደ አፏ አስጠጋችና በዋንጫው አፋፍ ላይ ንግሥቴን አየቻት።

«እማዬ፣ ሁሉንም ነው የምጠጣው?»

ንግሥቴ ዋንጫውን ከእጇ መታ ጣለችው። ወተቱ የአያ ክንፈን እግር አለበሰው፣ ሕዝቡም ሴትየዋንም ለከፋት ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ትርንጎ አልተገደለችም» አለች። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም ነበር። «አሻግሬ፣ አንተ የቀበርኸው የበግ ቆዳ ነው። ልጄን ከነከሰችው በኋላ ሦስት ዓመት ኖራለች፣ ያበላኋትም እኔ ነኝ። ሁሉም ይወድቃሉ። እናቷም ትወድቅ ነበር፣ አያቷም ትወድቅ ነበር፣ በር እየዘጋሁ ስደብቅ የኖርሁት እኔ ነኝ።»

አሻግሬ ቆመጡን ጥሎ እጁን ያይ ጀመር። ሷሊህ ከሁሉ ቀድሞ ነገሩ ገባውና ዐይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። ሊላት የሚችለውን ሁሉ አስቦ ያገኘው አንድ ቃል ነው፣ «አብሽሪ እናቴ» አለ፤ የሚያበሽር ነገር እንደሌለ ግን ራሱም ያውቃል። የቀረውን እሷው ጨረሰችው። ወደ አያ ክንፈ ዞረች።

«አፍንጫውን እርስዎ ያዙ። አፉን የከፈትሁት እኔ ነኝ። የሞተው በማግሥቱ ነው፤ ማን ነው በአንድ ቀን በእብድ ውሻ የሞተ? ልጄን ገድለነዋል።»

አያ ክንፈ ጎንበስ ብለው ዋንጫቸውን አነሡ፣ በጋቢያቸው ጠረጉት፣ ወጥተው ሄዱ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው፣ ማንም ግን አልሸኛቸውም።

ሎሚ አሥር ቀን ታሰረች። ጠባቂዋ አሻግሬ ራሱ ሆነ፤ ቀን ቀን የቀበሌ ሥራውን ትቶ አጠገቧ ይቀመጣል፣ የፊውዳል ቅሪት ማለቱንም ተወው። ሷሊህ በየመንደሩ ሲከትብ ውሎ ማታ ማታ ብቅ እያለ ያያታል። አንድ ቀን ወድቃ ተነሣች፣ ሌላ ቀን ስታክ ዋለች፣ የቀረውን በላች፣ ጠጣች፣ ተኛች። በአሥረኛው ቀን ዶሮ አይታ በገመዷ ተተብትባ አልቅሳ አሻግሬን አሳቀችው። ሷሊህ ልጅቱ ምንም አትሆንም፣ አልሐምዱሊላህ አለ። አበቡ ቁስሏ ድኖ ከልጆች ጋር ጠጠር ትጫወት ነበር።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሴቶች ሙልሙላቸውን ይዘው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መጡ። እልልታውን ከመንገድ ጀምረውታል። አጥሩን አልፈው ጓሮው ሲደርሱ ተቆረጠ። ንግሥቴ ደጃፏ ላይ በባዶ መሬት ተቀምጣለች፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። አንዷ ምነው፣ ማን ሞተብሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ልጄ ነዋ» አለች ንግሥቴ። «ያን ጊዜ ያለቀስሁት ውሻ ለገደለው ልጅ ነው። ለዚህኛው ገና አልተለቀሰም።»

ሴቶቹ ሙልሙሉን እንደ ያዙ ደርቀው ቆሙ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት አይሆንም፣ እግዜር ያጥናሽ ማለትም አሥር ዓመት ለቆየ ሞት ተብሎ አያውቅም። እንዲህ እንደ ቆሙ አያ ክንፈ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰው ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታቸው ሲወጡ ያያቸው የለም። ከሴቶቹ አልፈው፣ ከንግሥቴ ፊት፣ እሷ እንዳለችው በባዶ መሬት ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ።

ንግሥቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ቁጣ ይጠብቁ ነበር፣ እሷ ግን ቁጣው አልነበራትም።

«እርስዎንም ያጥናዎ» አለች። «የእርስዎ ይበዛል።»

አያ ክንፈ አንገታቸውን ደፍተው የሰው ስም በከንፈራቸው እየጠሩ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፉ ጀመር። አሥሩም አልቆ እንደገና ከአውራ ጣታቸው ጀመሩ።